ናቶ የማትበላዋ ናጊሳ

«ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?» አለች የናጊሳ እናት፣ በሩን በጀርባዋ ደገፍ ብላ እንደዘጋች።

እንግዳው ግራ ገባው። ከቶኪዮ ድረስ በባቡር መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ነጭ ቆብ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ሲያበቃ ነው ይህ ጥያቄ የመጣበት። አቶ ኩዜ ይባላል። የሽቶና የቅባት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። የመጣውም እነናጊሳ ከሩዝ የሚያወጡትን አልኮል ፋብሪካው ይግዛ ወይስ ይቅርበት የሚለውን ለማጣራት ነው።

«ቁርስ ማለትዎ ነው?»

«አዎ፣ ቁርስ። አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩኝ።»

«ሆቴሉ ያቀረበውን ነዋ። ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሾርባ...» አቶ ኩዜ በጣቶቹ ቆጠረ። «እና ናቶ።»

አብረዋቸው የሚሠሩት እትዬ ቶኪ የያዙትን ባልዲ ለቀቁት። ባልዲው እየተንከባለለ ኮሪደሩን አቋረጠ።

«ናቶ» አለች እናቷ በቀስታ። «በሰናፍጭ ነው በሽንኩርት?»

«በ... በሁለቱም።»

እናቷ ምራቋን ዋጠች። «አይገቡም።»

«ይቅርታ?»

«ክፍሉ ውስጥ አይገቡም። በመስኮቷ ማየት ይችላሉ።»

መስኮቷ የደብተር ገጽ ታክላለች። አቶ ኩዜ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አጮለቀ። ትንፋሹ መስታወቱን አደበዘዘበትና ምንም አላየም። ሆኖም «በጣም ደስ ይላል» አለ።

ናጊሳ የሰውየውን ካፖርት ታቅፋ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ይህን ያህል የተጠበቀ ደንበኛ በር ላይ ስትመልስ ስታይ አልገረማትም። ናቶ ማለት የተቀቀለ አኩሪ አተር ነው፤ ገለባ ውስጥ ታፍኖ ሲብላላ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ሲያማስሉት ክር ይስባል፣ ሽታው ከጎረቤት ይጠራል። ካሚሳዋ በሚባለው መንደራቸው ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሩዙ ላይ ሳያፈስበት ከቤት የሚወጣ ሰው የለም። ችግሩ ናቶን ናቶ የሚያደርገው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። በእጅ፣ በልብስ፣ በጢም ተሳፍሮ ይሄዳል። የፈላ ውሃ እንኳ አይገድለውም።

በሩ የተዘጋው ሙቅ ክፍል ውስጥ ደግሞ የተቀቀለ ሩዝ ሰፋፊ የእንጨት ሣጥኖች ላይ ተሰጥቷል። ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ተዘርቶበታል። ሻጋታው በሁለት ቀን ውስጥ፣ ግሎ እንዳይቃጠል በእጅ የሚገለበጠውን ሩዝ፣ ቀስ እያለ ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ከዚያ ሩዙ ከውሃና ከእርሾ ጋር በርሜል ውስጥ ይጠነሰሳል፣ ድፍድፉ ይፈላል፣ በመጨረሻ በእሳት እየተነነ ጥርት ያለ አልኮል ይወጣዋል። አልኮሉ ለሽቶ፣ ለቅባት፣ ለእጅ ማጽጃ ይሆናል። አተላው ለዶሮዎች። የመንደሩ ወንዶች ይህን ሁሉ ሩዝ አብላልቶ ምንም የሚጠጣ ነገር አለማውጣት ኃጢአት ነው ብለው ስለሚያምኑ መጀመሪያ ሰሞን ኩባያ እየያዙ ይመጡ ነበር።

የናቶ ባክቴሪያ ሙቁ ክፍል ከገባ ግን እንዳልተጠራ የሰርግ እንግዳ ነው። ሙሽራው ሳይቀርብ ድግሱን ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ክፍሉ በር አጠገብ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ አራት የእንጨት ስም ተንጠልጥሏል፦ የእናቷ የሪጹኮ፣ የአያቷ የጌንዞ፣ የእትዬ ቶኪ፣ የናጊሳ። ፊታቸው ነጭ እንጨት ነው፣ ጀርባቸው ቀይ ቀለም። ናቶ የበላ ሰው ስሙን ወደ ቀዩ ይገለብጣል፣ ሦስት ሌሊት እስኪያልፈው ክፍሉ አይገባም። ማንም አይጠይቀውም። ደንቡ ይኸው ነው፤ ያወጣችውም እናቷ ናት።

«ሦስት የበረዶ ወቅት አሳልፈናል» አለች እናቷ ለአቶ ኩዜ፣ ሰሌዳውን እያሳየች። «አንድም ቀን ቀይ አይተን አናውቅም። ልጄን ይመልከቷት። እሷማ ናቶ ከነጭራሹ አትወድም። ሽታው ያቅለሸልሻታል።»

አቶ ኩዜ ናጊሳን መነኩሴ እንዳየ ሰው አያት። ናጊሳ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ፈገግ አለች።

«አለቃዬ ከሩዙ ጀምሮ ፎቶ ይፈልጋል» አለ አቶ ኩዜ ጫማውን እያጠለቀ። «ገዢዎች ከየት እንደመጣ ማየት ይወዳሉ። የሚቀጥለው ሰኞ እመለሳለሁ። እስከዚያ ናቶ በአፌ አይዞርም።»

እናቷ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘችው። ይህ ሰው ካልገዛ ማምረቻው ይዘጋል፣ እነሱም ወደመጡበት ከተማ፣ ወደ ሰንዳይ፣ ይመለሳሉ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም።

*

ውሸቷ የጀመረው ዐሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ነው። ሙቁ ክፍል ውስጥ መግባት ፈልጋ ነበር። ውጭው በረዶ ሆኖ እዚያ ውስጥ በካናቴራ ይሠራል፣ ሩዙ ደግሞ እንደ ተቆላ ለውዝ ይሸታል። እናቷ «በረዶው እስኪቀልጥ ናቶ መተው ትችያለሽ?» ስትላት «ድሮም አልወደውም» አለች። ከአፏ ሳይወጣ ብትመልሰው ጥሩ ነበር፤ ግን እናቷ በደስታ ስለሳመቻት ዘገየች።

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል። ናጊሳ ላመሏ የዝናብ ልብስ ትለብሳለች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ ጓደኛዋ ካኤዴ ቤት ጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች። የካኤዴ አባት፣ ጋሽ ሞሪ፣ የመንደሩ ናቶ ሠሪ ናቸው። ናጊሳ የእሳቸውን ቢጫ የዝናብ ልብስ እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ፀጉሯን የገላ መታጠቢያ ቆብ ውስጥ ከታለች፤ አጠገቧ ሻይ፣ ሎሚና የጥርስ ብሩሽ ተደርድሯል።

«ጀለስ፣ ሰው ቢያይሽ ቦምብ ልታመክኚ ነው የሚመስለው» አለች ካኤዴ።

«ዝም ብለሽ አማስይ። ገና ክር አልሳበም።»

«እጄ እስኪዝል አማሰልኩት እኮ! ለምን ራስሽ አታማስይም?»

«እጄን እንዳይነካኝ።»

«አፍሽን ሲነካሽስ?»

«አፌን እቦርሻለሁ።»

ካኤዴ ሳህኑን ገፋችላት። ናጊሳ በላች። ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም፤ የሒሳብ ፈተናውም፣ ሰንዳይም፣ አቶ ኩዜም ከአእምሮዋ ወጡ።

«እናትሽ ብታውቅ የምታርደው እኔን ነው» አለች ካኤዴ። «አንቺንማ ልጇ ነሽ፣ ታዝንልሻለች።»

«በምን ታውቃለች? እኔ እኮ ናቶ አልወድም።» አፏ ሙሉ ነበር።

ደግሞ ሳታሰላ አትበላም። ሩዝ የመገልበጥ ተራዋ እሑድ ነው፤ እስከ እሑድ ከሦስት ሌሊት በላይ አለ። ስልኳ የጮኸው ሳህኑን ልትልስ ስትል ነው። የእናቷ መልእክት ነበር። *እትዬ ቶኪን በረዶ አዳልጧቸው ወገባቸውን ይዟቸዋል። ሩዙ አሁን ካልተገለበጠ ይቃጠላል። አያትሽ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሩጪ!*

«ጉድ ፈላ» አለች ናጊሳ።

«ሰሌዳው ላይ ስምሽን ገልብጪዋ። ለዚህ አይደል የተሰቀለው?»

ናጊሳ ጥርሷን ቦረሸች፣ በሎሚ ተጉመጠመጠች፣ ሻርፗን ረስታ ሮጠች።

ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ሰሌዳው ላይ አራት ነጭ ስሞች ተሰልፈዋል። እጇን ዘረጋች። ብትገለብጠው ማንም አይጠይቃትም፤ ደንቡ ነው። ግን እናቷ ታያለች። ናቶ የሚያቅለሸልሻት ልጅ ምን በልታ ቀይ ሆነች? የት በላች? ከመቼ ጀምሮ? አንዱን ውሸት ብትስቢው ሌላው ይከተላል፣ እንደ ናቶ ክር ማለቂያ የለውም።

«ናጊሳ! መጣሽ?» አለ የእናቷ ድምፅ ከውስጥ። «ነይ እንጂ፣ እየጋለ ነው!»

ታጥቤያለሁ፣ አለች ለራሷ። የዝናብ ልብስ ነበር የለበስኩት።

ገባች።

*

ዓርብ ከሰዓት እናቷ ከሣጥኑ አንድ እፍኝ ሩዝ አነሣች። ደረቅና ነጭ ሆኖ ከጣቶቿ መካከል መበተን ነበረበት። አልተበተነም። እጇን ከፍ ስታደርግ ቀጭን ክር ከሩዙ እስከ ጣቷ ተዘረጋ፣ በመብራቱ ብልጭ አለ፣ ተበጠሰ።

እናቷ አሸተተችው። «ናቶ» አለች፣ የጠላቷን ስም እንደምትጠራ።

ሩዙ በሙሉ ለዶሮዎች ተደፋ። በዚያ ቀን ያልተናደዱት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

ማታ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። እትዬ ቶኪ ወገባቸውን ስላመማቸው አልመጡም። አያቷ ሻያቸውን እየነፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ረቡዕ ማታ ያቺ ልጅ መጥታ ነበር» አሉ።

«የቷ ልጅ?»

«የሞሪ ልጅ። የናጊሳን ሻርፕ ይዛ። አጥሩ ጋ ሆና ሰጠችኝ።»

እናቷ ሳህኑን አስቀመጠች። «የናቶ ሠሪ ልጅ! በኛ ደጅ! ሻርፑስ የት ነው የሰነበተው? እነሱ ቤት!» ብድግ ብላ ስልኳን አነሣች። «ነገ ጠዋት ሄጄ ለጋሽ ሞሪ እነግራቸዋለሁ። ልጅቷ ከእንግዲህ እዚህ ድርሽ እንዳትል። አንቺም እዚያ አትሄጂም።»

«ካኤዴ አይደለችም» አለች ናጊሳ።

«በምን አወቅሽ?»

አያቷ ሻዩን መንፋት አቆሙ። ናጊሳ ሁለቱንም አየቻቸው። አሁን ብትናገረው በአራት ቃል ያልቃል።

«ማለቴ... ሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል» አለች።

እናቷ ሰንዳይ ላብራቶሪ ውስጥ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ማስረጃ ሲባል ጆሮዋ ይቆማል። «ልክ ነሽ» አለች ጥቂት አስባ። «እኔ ብጠይቃቸው ይቀየሙኛል። አንቺ ጠይቂያቸው፣ አያትሽንም እትዬ ቶኪንም። እስከ ጠዋት ሌላ ሰው ካልተገኘ ግን እነሞሪ ጋ እሄዳለሁ። ከዚህ ቤት በናቶ የማትጠረጠሪ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ጅብ የሥጋ ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

አያቷ በዚህ መካከል ሹልክ ብለው ወጥተዋል። ዶሮ ቤት አገኘቻቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው የተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን እያደረጉ ነው አባባ?»

«እንቁላል እየሰበሰብኩ» አሉና ዞሩ። ከጢማቸው ጫፍ ቀጭን ክር ተንጠልጥላ በነፋሱ ትወዛወዛለች።

ናጊሳ ክሯን አየቻት። እሳቸውም ናጊሳ ክሯን እንዳየች አዩ።

«ዛሬ ብቻ ነው» አሉ።

አንዲት ዶሮ ከጎጆዋ ተነሥታ ወረደች። የተቀመጠችበት ገለባ የናቶ መጠቅለያ ነበር፤ ከሥሩም፣ ከዚያም ሥር ሌላ።

«ይቺ ዶሮ አፏ አያርፍም» አሉ አያቷ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰማሽ ልጄ፣ ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ የበላሁትን ነገር ሰሌዳ ስለተሰቀለ ልተወው? ክፍሉስ ቢሆን አልፎ አልፎ ለመሞቅ እንጂ መች እገባለሁ?»

«ረቡዕ ገብተው ነበር?»

«ቅዝቃዜውን አላየሽም?» ክሯን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። የሞሪ ልጅ ገና ልጅ ናት፣ ይረሳላታል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እስኪረሳልኝ የምቆይ አይመስለኝም።»

እትዬ ቶኪ ደግሞ ሳይጠየቁ ተናዘዙ። በሆዳቸው ተኝተው፣ ሙቅ ፎጣ ወገባቸው ላይ ተጭኖ፣ ናጊሳ በሩን ገና ስትከፍት «እኔ ነኝ! ልቤ ነግሮኝ ነበር!» ብለው ትራሱ ውስጥ ጮኹ።

«ምን አደረጉ እትዬ ቶኪ?»

«ከየት ስመለስ የወደቅኩ ይመስልሻል? ከሞሪ ሱቅ ነዋ! በየሳምንቱ ነው የምሄደው። ሲያዳልጠኝ ጥቅሏን እንዲህ ወደ ላይ ይዤ...» እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አሳዩ። «ወገቤን እንጂ እሷን አላስነካሁም።»

«እና በሏት?»

«ተርፋ ልትጣል ነው?» አሉ እትዬ ቶኪ ተቆጥተው። ወዲያው ደግሞ አለቀሱ። «ሪጹኮ ካወቀች ያ ክፍል ቀረብኝ። አደራሽን የኔ እናት። ካኤዴ እንደሆነች የናቶ ሠሪ ልጅ ናት፣ ማንም አይገረምባትም። አንቺማ ንጹሕ ነሽ፣ እንደኛ ሆዳም አይደለሽም።»

ናጊሳ በበረዶው ውስጥ እየተራመደች አሰበች። ሦስት ሰው። ባክቴሪያው ስም ጽፎ አይሄድም፤ ከሦስቱ የማን እንደሆነ ላብራቶሪም አይለየው። ሁሉም ዝም ቢል እናቷ ነገ ትሄዳለች፣ ጋሽ ሞሪ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ነገሩ ያልቃል። ከሦስቱ የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። የማን እንዳልሆነ ግን ታውቃለች።

ቤት ሳትደርስ ካኤዴ ደወለች።

«እናትሽ ነገ እመጣለሁ ብላ ደወለች። አባቴ ምን አጠፋሽ እያለኝ ነው።»

ናጊሳ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

«እኔ እኮ ከአጥሩ አላለፍኩም። ሻርፕሽን ነው ያመጣሁት። ሻርፕሽን!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ አይደል?» ድምፅዋ ቀጠነ። «አባቴ ምን አለ መሰለሽ? ‹ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ። የናቶ ሠሪ ቤት ነን፣ እንዲህ መባል ለምደናል› አለ። ሼም ነው ናጊሳ። እኔ አልለመድኩትም።»

ስልኩ ተዘጋ። ካኤዴ ስልክ ዘግታ ሁልጊዜ የእንቁራሪት ሥዕል ትልክላት ነበር፤ የምትስቅ እንቁራሪት፣ የምትተኛ እንቁራሪት። ናጊሳ ስክሪኑን እያየች ቆመች። እንቁራሪት አልመጣም።

*

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ጥሩ ካፖርቷን ለበሰች። ጠረጴዛው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ የጣፋጭ ካርቶን ተቀምጧል። ካሚሳዋ ውስጥ ለጠብም ቢሆን ባዶ እጅ አይኬድም።

«መርማሪዋ፣ ምን አገኘሽ?» አለች ቁልፏን እየፈለገች።

ናጊሳ ኮሪደሩን አልፋ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ስሟን ያዘች። እንጨቱ ከጠበቀችው በላይ ቀላል ነበር። ገለበጠችው።

ቋ።

እናቷ ካፖርቷን ሳትቆልፍ መጣች። ቀዩን አየች። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። ማንም አይጠይቅም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት።

ናጊሳ ዝም ብትል እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

«ረቡዕ ነው» አለች። «ክፍሉ ከመግባቴ በፊት። ካኤዴ አጥሩን አላለፈችም።»

«አንቺ ናቶ ትጠያለሽ እኮ።»

«አልጠላም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ።»

እናቷ ቀስ ብላ የእትዬ ቶኪን ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። ብትጮህ ይሻል ነበር። በዚህ መካከል አያቷ እንቁላል በቅርጫት ይዘው ገቡ። ልጃቸውን አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ። ቅርጫቱን መሬት አኖሩ።

ቋ።

«ከትናንት ወዲህ ነው» አሉ፤ ከዚያ ናጊሳን በዓይናቸው ጠርዝ አይተው፣ «ከትናንት ወዲያም» ብለው ጨመሩ። እጃቸው ሰሌዳው ላይ ቆየ። «የቶኪንም ልገልብጥላት መሰለኝ። ሞሪ ሱቅ በየሳምንቱ አያታለሁ። ወገቧን ስላመማት ነው እንጂ ራሷ ትመጣ ነበር።»

ቋ።

ከአራቱ አንድ ነጭ ቀረ። እናቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ ናጊሳ መለየት አልቻለችም፤ እናቷም የቻለች አይመስልም።

«ሦስት የበረዶ ወቅት» አለች በመጨረሻ። «አንድም ቀይ የለም እያልኩ ለአገር ምድሩ ሳወራ!»

ስልኳን አወጣች።

«አቶ ኩዜ? ደኅና አደሩ። ሩዙ ተበላሽቷል። አዎ፣ ሙሉ በሙሉ። ጥፋቱ የቤታችን ነው... ገባኝ፣ ቃል አይገቡልኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ። ከሰኞ ጀምሮ ናቶ አልነኩም? ... ምንም? ... በጣም ጥሩ። ዛሬ አዲስ ሩዝ እዘረጋለሁ። ሰኞ ሲመጡ ካፖርቱን ይተዉት፣ ካናቴራ ይዘው ይምጡ። የሚገለብጥልኝ ሰው የለም።»

ስልኩን ዘግታ ካርቶኑን ለናጊሳ ሰጠቻት።

«ይህን ይዘሽ ሂጂ። ለጠብ የሚሆን ለይቅርታም ይሆናል። ከሰዓት እኔም እሄዳለሁ፣ የደወልኩት እኔ ነኝና። መጀመሪያ ግን አንቺ። ስትመለሺ ሣጥኖቹን ሁሉ ውጭ በረዶው ላይ ታጥቢያለሽ። ዶሮ ቤቱም በረዶው እስኪቀልጥ ያንቺ ነው።»

«ዶሮ ቤቱ እንኳ የኔ ነበር» አሉ አያቷ ፈጠን ብለው።

«ነበር» አለች እናቷ።

*

ካኤዴ በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። እናትየዋን ስትጠብቅ ናጊሳ መጣችባት። ናጊሳ ካርቶኑን በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«ነገርኳት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ከተወለድኩ ጀምሮ እወዳለሁ አልኳት።»

«እና ምን አለች?»

«ባልዲ ላይ ተቀመጠች።»

ካኤዴ ላለመሳቅ ጉንጯን ከውስጥ ነከሰች። «የዝናብ ልብሱንም ነገርሻት?»

«እሱን አልነገርኳትም።»

«እሱን እንኳ ባትነግሪያት ይሻላል አቦ።» ካርቶኑን ተቀብላ መንገዱን ለቀቀችላት። «ኩርፊያው ገና አልለቀቀኝም፣ ግን ግቢ። አባቴ አሁን ነው ትኩስ ያወጣው።»

ጓዳው እንደወትሮው ይሸት ነበር። ቢጫው የዝናብ ልብስ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ካኤዴ ገለባውን ፈትታ ባቄላ የመሰለውን ትኩስ ናቶ ሳህን ላይ ገለበጠችና ማማሰል ጀመረች። ወዲያው ክር ሳበ።

«ቀይ ነሽ አይደል? እንግዲህ ዛሬ ያለ ቆብ ብይ።»

የናጊሳ አፍ በምራቅ ሞላ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ሦስቱ ሌሊት አልፏል። ዛሬ ካልበላች ነገ እሑድ ተራዋ ሲደርስ ስሟ ነጭ ነው። ዛሬ ከበላች ግን ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ እናቷ እሑድን በሙሉ ያንን ሁሉ ሣጥን ብቻዋን ትገለብጣለች፣ ከዚያም ሰኞ በካናቴራ ከአቶ ኩዜ ጋር።

ሳህኑን በአንድ ጣቷ ወደ ካኤዴ መለሰችው።

«አንቺ ብይው።»

«ቀለድሽ!»

«አልቀለድኩም። አሁን ብይውና ጨርሽው፣ ዓይኔ እያየ አታማስዪብኝ በናትሽ።»

ካኤዴ አየቻት። ሳህኑን ይዛ ጀርባዋን አዞረችና መብላት ጀመረች።

«በረዶው ሲቀልጥ ግን ሁለት ጥቅል ያዢልኝ» አለች ናጊሳ፣ ጫማዋን እያሰረች።

«ሁለቱንም አንቺ?»

«አንዱ ለእናቴ።»

ካኤዴ አፏ እንደሞላ ዞረች። «በሰናፍጭ ነው በሽንኩርት?»

«በሁለቱም።»